የአባ እንድሪስ ፊትና የመረጥናቸው ፍላሾች

ኮምቦልቻ ያለችውን ፎቶ ቤቴን ከዘጋሁ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። የዘጋሁት ጉልበቴ ቆሞ መዋልን እምቢ ስላለኝ ነው እንጂ ሥራውን ጠልቼው አይደለም። የሚደውሉልኝ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ሠርግ ማንሳት የጀመሩ፣ ካሜራቸውን ከዱባይ በዘመድ ያስመጡ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ የሚጠይቁኝ ነገር አንድ ነው፦ «እትዬ ሐዋ፣ ከካሜራው ተነጥሎ የሚቆም ፍላሽ ልገዛ ነው። የትኛው ይሻለኛል?»

የአንዱን ፍላሽ ስም ብነግራቸው እነሱም እኔም እንገላገል ነበር። ግን ጥያቄው በተነሳ ቁጥር የአንድ የኩታበር ገበሬ ፊት ድቅን ይልብኛል፤ የእሳቸውን ነገር ሳላወራ መልሱ አይመጣልኝም። በስልክ ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ አያልቅም። ስለዚህ ጻፍኩት። ትምህርቴ ብዙ አይደለም፤ የምጽፈው እንደማወራው ነው፤ ከዋናው መንገድ ወጣ ብል ታገሡኝ።

ሥራ የጀመርኩት በፎቶ አይደለም። ኮምቦልቻ ክር ፋብሪካ ውስጥ ፈታይ ነበርኩ። የጥጡ ብናኝ ደረቴን ሲይዘኝ ወጣሁና ደሴ እናቴ ቤት ተቀመጥኩ። ጎረቤታችን ጋሽ ይማም ፒያሳ ላይ ፎቶ ቤት ነበራቸው። አንድ ቀን በበራችን ሲያልፉ ቆም አሉና «አንቺ ሐዋ፣ መቀስ መያዝ ትችያለሽ?» አሉኝ። «መቀስ የማይችል ሴት አለ እንዴ ጋሼ?» አልኩ። በነጋታው የጉርድ ፎቶ ቆራጭ ሆንኩ። ደሞዙ ከፋብሪካው ያንስ ነበር፤ አየሩ ግን አያሳስልም።

ጋሽ ይማም ቀጠን ያሉ፣ ነጭ ኮፍያቸው ከራሳቸው የማይወርድ፣ ሙቀትም ይሁን ብርድ ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ሰው ሊያነሱ ሲሉ መጀመሪያ ካሜራውን አይነኩም። እጃቸውን ይጨብጡና ከሰውየው ጉንጭ አጠገብ አድርገው ቀስ እያሉ ያዞሩታል። በጣቶቻቸው አንጓ መካከል ያለውን ጥላ ነው የሚያዩት። ጥላው ከጠቆረ መብራቱን ያርቃሉ ወይም ነጭ ጨርቅ ይጋርዱታል፤ ጨርሶ ከጠፋ ወደ ጎን ይወስዱታል። «ፊት ያፍራል፣ ይኮሳተራል፣ ያታልልሻል። እጅ አያፍርም። መጀመሪያ እጅሽን አብሪው» ይሉኝ ነበር።

ሌላው ልማዳቸው ፍላሽን በጆሮ ማዳመጥ ነው። ፍላሽ ከበራ በኋላ ኃይሉን መልሶ ሲሞላ እንደ ትንኝ እየቀጠነ የሚሄድ ፉጨት አለው። ጆሯቸው ላይ አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙታል። «ትንፋሹን ሳይጨርስ አትጫኚው። አንቺም ብትሆኚ ዳገት ወጥተሽ ወዲያው ዝፈኚ ብትባዪ አትችይም» ይሉኛል። ከዚያ «ቢስሚላህ» ብለው ይጫናሉ። እስከዛሬ ድረስ ያለ ቢስሚላህ የተጫንኩት ቁልፍ የለም።

ካሜራ እንድይዝ ያደረገኝ መጋረጃ ነው። እንዴት በሉኝ። በእኛ ሰፈር ሠርግ ሙሽራዋ በምትዘጋጅበት በሴቶቹ ክፍል ወንድ አይገባም። ጋሽ ይማም ደግሞ እንኳን ሊገቡ፣ በበሩ ሲያልፉም አንገታቸውን ደፍተው ነው። ስለዚህ ሙሽሮቹ የሚነሱት ተሸፋፍነው ሲወጡ ብቻ ነበር። የአንገታቸው ድሪ፣ ሹሩባቸው፣ እናታቸው አጠገብ ተቀምጠው የሚስቁት ሳቅ ሁሉ ሳይነሳ ይቀራል። አንድ ሙሽራ በዚህ አልቅሳ አስቸገረችና ጋሽ ይማም ካሜራውን አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ።

«አንቺ ግቢ። መብራቱን እኔ ከውጭ እይዝልሻለሁ።»

«ጋሼ፣ መብራት ከውጭ እንዴት ይያዛል?»

«ግቢ አልኩሽ።»

ፍላሹን ከካሜራው አናት ነቅለው በረጅም ገመድ አያያዙት። እሳቸው ከመጋረጃው ማዶ፣ ጀርባቸውን ለክፍሉ ሰጥተው ቆሙ፤ ወደ ውስጥ የገባው ፍላሹን የያዘው ክንዳቸው ብቻ ነው። እኔ «ከፍ ጋሼ! ትንሽ ወደ ግራ!» እላለሁ፤ ክንዱ ይታዘዛል። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ነው ያየነው። ከካሜራው አናት የሚመታ ብርሃን ፊትን እንደ ሳህን ልሙጥ ያደርገዋል፣ ግንባርን ያብለጨልጫል። ይኼኛው ግን ከጎን ስለመጣ አፍንጫዋ አፍንጫ፣ ጉንጯም ጉንጭ ሆኗል፤ የድሪዋ ፍሬ ሁሉ ይቆጠራል። ከካሜራ ተነጥሎ ስለሚበራ ፍላሽ ያለኝ እውቀት የተጀመረው ያኔ ነው፤ ያስተማረን የሴቶቹ ክፍል ነው።

ከዚያ በኋላ «የይማም እጅ» በደሴ ሴቶች ዘንድ ስም ወጣለት። ክንዱ በመጋረጃው ሲገባ «መጣች! መጣች!» ይሉና እልል ይላሉ። አንዴ የአንዷ ሙሽራ አክስት የእንሶስላውን ሳህን ይዛ ቀስ ብላ ተጠጋችና የጋሽ ይማምን ጣቶች አንድ በአንድ ቀባቻቸው።

«ሐዋ! ምንድን ነው የሚቀዘቅዘኝ?» አሉ ከማዶ።

«ምንም አይደለም ጋሼ፣ አይንቀሳቀሱ፣ ላነሳ ነው!»

«ውሃ ነው እንዴ? ፍላሹ እንዳይርስ!»

ክፍሉ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። እሳቸው ግን ሥራው እስኪያልቅ ክንዳቸውን አላወረዱም። ጣታቸው ቀልቶ ቤታቸው ሲገቡ ባለቤታቸው «ሁለተኛ አገቡ እንዴ ይማም?» አሏቸው ተባለ።

ዓመታት አለፉ። ፊልሙ ቀረ፣ ዲጂታሉ መጣ። እኔ ኮምቦልቻ ወርጄ የራሴን ፎቶ ቤት ከፈትኩ። ጋሽ ይማም አረጁ፤ ክንዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰው የማይዘው፣ በራሱ ማቆሚያ ላይ የሚቆም፣ ገመድ የሌለው ፍላሽ መምረጥ ግድ ሆነብኝ። ገመዱማ ሰው እየጠለፈ አስቸግሮናል።

የኩታበሩ ገበሬና የልጃቸው ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ፋጡማ ትባላለች፤ እኔ በነበርኩበት ዓይነት ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ የኩታበር ልጅ ነች። ሠርጓን ልታስነሳ ስትመጣ እንደሌሎቹ ስለ አልበም አልጠየቀችኝም።

«እትዬ ሐዋ፣ የሌላው ፎቶ ሁሉ ቢበላሽ አላዝንም። የአባቴን ፊት ስጪኝ። ደረታቸውን ታመዋል፣ አልቆዩልኝም። ሊመርቁኝ ከኩታበር ይወርዳሉ። ከመታወቂያቸው በቀር ፎቶ የላቸውም፤ የመታወቂያቸው ደግሞ እሳቸውን አይመስልም።»

«ኢንሻአላህ» አልኳት።

ለእሷ ሠርግ ብዬ ነው ፍላሹን ልመርጥ ደሴ የወጣሁት። ጋሽ ይማም ዱላቸውን ይዘው ፒያሳ ድረስ አብረውኝ መጡ። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ባለሱቁ ያሳየን ፍላሽ ሌላ ፍላሽ ሲበራ አይቶ አብሮ የሚበራ ነበር። ካሜራው ላይ ያለችው ትንሽ ብልጭታ ምልክት ትሰጠዋለች፣ እሱ ከቆመበት ዋናውን ብርሃን ይለቃል። ጋሽ ይማም ፉጨቱን አዳመጡ፤ ፈጣን ነው። አንገቱን አዟዟሩት፤ በየአቅጣጫው ይዞራል። ኃይሉን ከፍና ዝቅ አደረጉት፤ ይታዘዛል። ባትሪው ገጠር ሱቅም የሚገኘው ዓይነት ነው። ከመደርደሪያው ጥግ አቆምነውና ደጋግሜ ተጫንኩ፤ አንዴም ሳይስት በራ።

«ዓይን አለው ማለት ነው!» አሉ ጋሽ ይማም፤ እንደ ልጅ ደስ አላቸው።

ሁለታችንም መርምረን፣ ሁለታችንም ተስማምተን ነው የገዛነው። ደሴ ጉም ውስጥ፣ ጨለም ባለ ሱቅ ቆመን ለኮምቦልቻ ፀሐይ መረጥን። በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ብርሃኑም አብሮ እንደሚለወጥ አንዳችንም አላሰብንም።

የሠርጉ ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል። የፋጡማ አባት አባ እንድሪስ የመጡት ተደግፈው ነው፤ ሙቀቱ ትንፋሻቸውን አሳጠረው። ዳሱ አፍ ላይ፣ ጥላው ውስጥ አስቀመጧቸው። ከኋላቸው ክፍቱ ሜዳ ነጭ ሆኖ ይንቦገቦጋል። የኋላውን ብርሃን ለካሁና ካሜራውን በዚያ አስተካከልኩ፤ ፊታቸውን ፍላሹ ያበራልኛል ብዬ። ፋጡማ ጉልበታቸው ላይ ተደፋች። መዳፎቻቸውን ከፈቱ፤ ዱዓው ተጀመረ። ቢስሚላህ ብዬ ተጫንኩ።

ፍላሹ አልበራም። ደግሜ ተጫንኩ፤ አልበራም። ትንሿ ብልጭታ ብትሰጥም እሱ ማቆሚያው ላይ እንደ ግንድ ቆሟል። ሮጬ ነቀልኩት፣ ካሜራው አናት ላይ ልሰካው ስታገል «አሚን!» የሚለው ድምፅ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። ቀና ስል አባ እንድሪስን ሁለት ሰዎች ደግፈው ወደ መኪናው እየወሰዷቸው ነበር። «ሙቀቱ ሊገላቸው ነው፣ ዞር በሉ!» ይላል አንዱ። እኔም ዞር አልኩ።

ፋጡማ ከሠርጉ በኋላ ስትመጣ ስክሪኑ ላይ አሳየኋት። ሜዳው አምሮ ወጥቷል። ወደ ብርሃኑ የተዘረጉት መዳፎችም ጫፋቸው ፀሐይ ይዞ ይታያሉ። ፊታቸው ግን እንደ ከሰል ጠቁሯል። በኮምፒዩተር ላፈካው ሞክሬ ነበር፤ አመድ የተነሰነሰበት ሆነብኝ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እጃቸው ግን ደህና ወጥቷል» አለች።

ጋሽ ይማም ጋ ሄጄ ስነግራቸው የጠየቁኝ ስለ ፀሐይዋ ነበር።

«ወዴት ነበረች?»

«ከኋላቸው።»

«የፍላሹ ዓይንስ ወዴት ይመለከት ነበር?»

«ወደ ሜዳው።»

ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ያለ ኮፍያ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። «ዓይኑን በፀሐይ ሞልተን ክብሪት ተለኩሷልና እይ አልነው። ምን ያድርግ?» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ሰውየው አሉ?» አሉኝ።

«አሉ ጋሼ። ግን አልጋ ይዘዋል። ዓይናቸውም ብርሃን አይችልም ብላኛለች።»

«እንግዲያ ተነሺ፣ ድጋሚ እንምረጥ» አሉ።

ባለሱቁ ሁሉን ነገር ራሱ የሚለካ ፍላሽ አወጣልን። «እማማ፣ ይኼ ራሱ ያስባል፣ እናንተ መጫን ብቻ ነው።» ጋሽ ይማም «እኛስ ማሰብ ትተን ምን ልንሠራ ነው?» አሉት። የሚያስበው ፍላሽ መጥፎ አይደለም፤ ለሚሯሯጥ ሰው ደግ ነው። ነገር ግን ነጭ ነጠላ ሲያይ ይሰስታል፣ ጥቁር ሂጃብ ሲያይ ይለግሳል፤ አንዱ ፎቶ ከሌላው አይመሳሰልም። እኔ የፈለግኩት በእጄ ዝቅ ስለው ዝቅ ብሎ የሚቆይልኝን ነው። ምልክቱንም በዓይን ሳይሆን በሬዲዮ የሚሰማ።

በዚህ ጊዜ አልቸኮልንም። ፍላሹን ከሱቁ አውጥተን አስፋልቱን ተሻግረን ከአንድ ግንብ ጀርባ አቆምነው፤ በሩን ዘግቼ ከውስጥ ተጫንኩ። በራ። በብልጭታው የደነገጠ ባለባጃጅ «ማነው በጠራራ ቀን የሚበርቀው?» ብሎ ተሳደበ። ሮጬ ይቅርታ ጠየቅኩት። ከዚያ ጋሽ ይማም ኃይሉን እስከ መጨረሻው ዝቅ አስደረጉና ወደ ራሳቸው ዓይን አዞሩት። ባለሱቁ «ኧረ አባቴ፣ ዓይንዎን!» አለ። «ለታመመ ሰው ነው። እኔ ካልቻልኩት እሱም አይችለውም» አሉት፤ ቻሉትም። ሲሞላ የሚያሰማውን ጩኸት የሚያጠፋ ቁልፍ እንዳለውም አዩና ገዛነው። አባ እንድሪስን ዳግም ለማንሳት ከሚደረገው የኩታበር ጉዞ ግን ቀሩ፤ ጉልበታቸው አልቻለም።

እኔና ፋጡማ በሚኒባስ ሄድን። የገብስ አጨዳ ወቅት ነው፤ ሰማዩ ግን ያለ ጊዜው ጠቁሮ ያካፋል። አባ እንድሪስ መደባቸው ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። ድምፄን ሲሰሙ አልዞሩም።

«ያን መብረቋን ይዛ መጣች?»

«አባ፣ ሐዋ ነች፣ ልትጠይቅዎ ነው» አለች ፋጡማ።

«ልትጠይቅ አይደለም፤ ልታነሳኝ ነው። የታመመ ፊት ለልጅ አይተውም።»

ፋጡማ መደቡ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «አባ፣ ከዚህ ሌላ ፊትዎ የለኝም እኮ» አለች።

ጣሪያው ላይ የካፊያው ድምፅ ብቻ ይሰማል። እኔም ቀረብ አልኩና «አባ እንድሪስ፣ ዓይንዎን የሚወጋ ነገር በዚህ ክፍል ውስጥ አይበራም። እምቢ ካሉ ደግሞ ጠይቄዎ እመለሳለሁ፤ ወላሂ አልቀየምም» አልኳቸው።

ፊታቸውን ከግድግዳው ሳያዞሩ «ለእሷ ብዬ ነው። ዙር፣ ቀና በል፣ ሳቅ አትበሉኝ» አሉ።

ፍላሹን ወጥቼ ደጅ አቆምኩት፤ እንዳይርስ በፌስታል ሸፈንኩት። ትንሿን መስኮት ከፍተን በነጭ ጨርቅ ጋረድናት። ብርሃኑ ከውጭ በጨርቁ አልፎ ለስልሶ እንዲገባ ነው። የክፍሉ ግድግዳ በጭስ የጠቆረ ስለሆነ ብርሃን አይመልስም፤ በሌላው በኩል ደግሞ ፋጡማ ነጠላዋን ዘርግታ ያዘች። እጄን ጨብጬ መደቡ አጠገብ አዞርኩት። አንዴ ለሙከራ ተጫንኩ። መስኮቷ በዝምታ ቦግ ብላ ጠፋች፤ የጣቶቼ ጥላ ልስልስ ያለ ነው። ትንሽ ብቻ ጨመርኩ፤ ደግሜ ተጫንኩ።

አባ እንድሪስ ተንቀሳቀሱ። በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ወጣች እንዴ?»

«ማን አባ?»

«ፀሐይ ናታ! ገብሱ በዚህ ካፊያ በዛላው እንዳለ ሊበቅል ነው እኮ…»

ቢስሚላህ ብዬ የተጫንኩት ያኔ ነው። አንገታቸው ወደ መስኮቱ ሰግጓል፤ ግንባራቸው ተኮማትሯል፤ ዓይናቸው ሰማይ ይፈልጋል።

ፋጡማ ልትዋሻቸው አልፈለገችም። «ፀሐይ አይደለችም አባ። የእትዬ ሐዋ ፍላሽ ነው፣ ደጅ የቆመው።»

ጨርቁን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ሳቅ መጣባቸው፤ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቅን።

«አይ እናንተ! ይቺ ፀሐያችሁ ገብስ ታደርቃለች?»

«አታደርቅም አባ እንድሪስ» አልኩ።

«እንግዲያ ምን ትሠራለች?» አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ይሁን። አትወጋም፤ ድገሚው።»

ደገምኩት። ከፋጡማ ጋር፣ ብቻቸውን፣ እጃቸው በእጇ ውስጥ ሆኖ አነሳኋቸው። ሁሉም ጥሩ ናቸው። ፋጡማ ግን አሳትማ በመስታወት ያስገባችው ያችን አንዷን ነው።

ብዙም ሳይቆዩ አባ እንድሪስ ሞቱ። አላህ ይዘንላቸው። ለለቅሶው ኩታበር ስሄድ ፎቶው ከቤቱ ጥግ ሣጥን ላይ ተቀምጧል። የመጣው ሁሉ ያየዋል፤ በሕመማቸው ጊዜ የተነሱት ነው ቢባል የሚያምን የለም። ከሸለቆው ማዶ የሚኖሩት ታናሽ ወንድማቸው አቶ ሙሄ ፎቶውን አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። አብረው ያደጉ፣ አብረው ያረሱ ናቸው።

«ምን እያየ ነው እንዲህ?» አሉ።

«ፀሐይ ወጣች ብለው ነው» አለች ፋጡማ። «ገብሱ አሳስቧቸው ነበር።»

አቶ ሙሄ ዓይናቸውን ከፎቶው አላነሱም። በሕመሙም በቀብሩም ግርግር ሁሉም ሰው ሌላ ሌላውን ሲል ነው የከረመው።

«ገብሱን ማን አጨደለት?»

ገብሱ ገና እንደቆመ ነበር። አንድ ጎረቤት ጉሮሮውን ጠረገና «ሙሄ፣ ለቅሶ ላይ ነን እኮ» አለ።

አቶ ሙሄ ፎቶውን ወደ ሰውየው አዞሩት። «እሱስ ምን ላይ ነው? እየው እስቲ!»

ከዚያ ፎቶውን ለፋጡማ መለሱላትና ተነሱ። ደጃፉ ላይ ጫማቸውን እየፈለጉ «ማጭድ ያለው ይነሳ» አሉ። ወንዶቹ አንድ በአንድ ተነሱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጠበቁ፤ ፋጡማ ቀድማ ወጣች። ደጁ ደርቋል፤ ሰማዩ ጠርቷል። ካሜራዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። ነዶ የሚሸከም ሰው ጎድሎ ነበርና።